የሚተነፍሰው ድልድይ

ይህን ታሪክ የነገረችኝ የአጥር ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ ናት። እሷ ከአክስቷ ሰማችው፤ አክስቷ ደግሞ ወደዚያ አገር ተድረው የሄዱ ሴት ናቸው። ማንጠግቦሽ ወሬ ታረዝማለች እንጂ አትፈጥርም፤ ያረዘመችውን እኔ አሳጥሬ ጽፌዋለሁ። የአገሩን ስም ብጠይቃት፣ «ስሙ ምን ያደርግልሻል? ወንዝና ሹም ያለበት አገር ሁሉ አይደል?» አለችኝ።

እንግዲህ በዚያ አገር አንድ ንጉሥ ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ ይልቁንም እጃቸው የማይታጠፍ ቸር ነበሩ። ከቤተ መንግሥታቸው ጀርባ ባለው ተራራ ላይ ዝግባውና ጥዱ ሰማይ ታክኮ ቆሟል። ታች ያለው አገር ግን ራቁቱን ነው፤ ለጅራፍ እጀታ የሚሆን እንጨት እንኳ ተፈልጎ አይገኝበትም። በአባቶቻቸው ሕግ ከንጉሥ ተራራ ማንም ዛፍ አይቆርጥም። ንጉሡ ግን ለለመነ ሁሉ ይሰጣሉ። ወንዝ ያስቸገረው መንደር ለድልድይ ግንድ ይለምናል፣ ይፈቀድለታል። ስጦታው የችሮታ ግንድ ይባላል።

ሌላም ሕግ ነበር። ከንጉሥ በላይ ከፍ ብሎ መቆም አይቻልም። ንጉሥ ከተቀመጡ ሰው ይንበረከካል፤ ንጉሥ ከተንበረከኩ ሰው ይተኛል። አንድ ቀን ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ሊያወጡ ቢያጎነብሱ ገበያው በሙሉ በሆዱ ተኛ አሉ፤ በርበሬ ሻጩ በርበሬው ላይ፣ ቅቤ ሻጩ ቅቤው ላይ። ይህን ሕግ ያዙልኝ።

ግንዱ ከተራራው ወርዶ ለለመነው መንደር እስኪደርስ አራት በር ያልፋል። በየበሩ አንድ አንድ ሹም አለ። የአራቱም የበላይ ቢተው የሚባል ሰው ነው፤ ማዕረጉ ሊቀ በሮች። እኔ አንቱ ብዬ አላወራለትም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

ግንድ የሚለምን ሰው በመጀመሪያ ወንዝ እንዳለው ማስመስከር አለበት። ምስክሩ የወንዙ ውሃ ነው፤ በቅል ቀድቶ ያመጣል። የመጀመሪያው በር ሹም አየት አድርጎ «ውሃ ነው» ይላል። ሁለተኛው ይቀምስና «የወንዝ ነው» ይላል። ሦስተኛው «የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና?» ብሎ ያስምላል። ታዲያ ይህ ሁሉ ባንድ ጠዋት የሚያልቅ አይምሰላችሁ። ሹሙ ለቅሶ ሄዷል፤ ሹሙ ከለቅሶ ተመልሶ ሰርግ ሄዷል፤ ሹሙ አለ ግን ገና አልተቀመጠም። ለማኙ ቅሉን ታቅፎ ደጅ ይጠናል። አራተኛው በር ሲደርስ ውሃው ተንኖ አልቋል። አራተኛው ሹም ቅሉን ዘቅዝቆ ያይና፣ «ወንዝህ ደርቋል። ለደረቀ ወንዝ ድልድይ ምን ይሠራለታል? እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ ይመልሰዋል።

ነገሩ የገባው ሰው ግን መንገድ ላይ ካገኘው ምንጭ ቅሉን እየሞላ ይሄዳል። የሌላውን ውሃ የራሴ ወንዝ ነው ብሎ መማል በዚያ አገር ነውር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።

ግንዱ ተፈቀደ እንበል። ሥርዓቱ ግንዱ በየበሩ ተጋድሞ ይመረቅ ይላል። በቁመቱ ቢያስገቡት እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ ሹልክ ይል ነበር። በአግድም ግን የትኛው በር ይችለዋል? ስለዚህ የተረፈው ይቆረጣል፤ የተቆረጠው የበሩ ነው። በሮቹ ደግሞ እየጠበቡ ነው የሚሄዱት። የሹሞቹ ቤት ከወለሉ እስከ ጣሪያው ዝግባ የሆነው በዚህ ነው።

በመጨረሻ ተቀባዩ በእጁ የደረሰውን ቁራጭ ነክቶ «ሙሉ ደረሰኝ» ብሎ ይምላል። ጎደለ ያለ እንደሆነ መንደሩ «የማያመሰግን አገር» ተብሎ ይጠራል፤ እስከ ልጅ ልጁ ግንድ አይለምንም። ስለዚህ ሁሉም ሙሉ ደረሰኝ ይላል። ንጉሡም ይህን እየሰሙ «አገሬ በድልድይ ተሰፋ» ብለው ደስ ብሏቸው ይተኛሉ።

ከነዚህ መንደሮች አንዷ እንዶድ ሜዳ ናት፤ ወንዝ መሃል ለመሃል የሰነጠቃት። እዚያ ይመኙሻል የምትባል አዋላጅ ነበረች። ቤቷ ከወንዙ ወዲህ ነው፤ አንድ ልጇ አለሚቱ ማዶ ተድራለች። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየተረማመዱ ይጠያየቃሉ። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላና እናትና ልጅ ዳርና ዳር ቆመው በእጅ ይጠቃቀሳሉ።

ባለፈው ክረምት አለሚቱ የበኩር ልጇን አማጠች። ማዶ አዋላጅ የለም። ይመኙሻል የወዲህኛውን ዳር ወንድ ሁሉ እየዞረች፣ «ወንድሞቼ፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ውሃው ውስጥ ቁሙልኝና እናንተን ይዤ ልሻገር» ብላ ለመነች። «ውሃው ይወስደናል» አሏት። እሷም ዳር ላይ ቆማ ትጮህ ጀመር። «በጎኗ አስተኟት! አሁን እንዳትገፋ በሏት!» ወንዙ ቃሏን በላው። ማዶ የቆሙት ሴቶች «ምን አለች? ግፊ ነው ያለችው?» ይባባላሉ። ልጁ እትብቱ አንቆት ሞተ። ይመኙሻል የልጅ ልጇን ቀብር ያየችው ከወዲህ ዳር ሆና ነው።

ዘንድሮ አለሚቱ እንደገና አረገዘች። ወሯ የሚገባው በነሐሴ ነው፤ ወንዙ በሚያብድበት። ይመኙሻል የመንደሩን ጭቃ ሹም አባ ጎራውን እግር በእግር ተከተለቻቸው።

«አባ፣ ክረምቱ ሳይገባ ድልድይ ካላቆምን አለሚቱን ራሷን ነው የማጣት።»

አባ ጎራው ደጃፍ ላይ በአባታቸውና በእሳቸው ዘመን የመጡ የችሮታ ቁራጮች ተደርድረዋል። የመንደሩ ሽማግሌ የሚቀመጠው እነሱ ላይ ነው። እሳቸውም ቁራጫቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ዘንድሮ ነገሩ ሌላ ነው ይመኙሻል። አዋጁን አልሰማሽም?» አሏት።

እውነትም አዋጅ ወጥቶ ነበር። ንጉሡ ቢተው ቤት ሰርግ ተጠርተው ሄደው የበሬው ግርግም እንኳ ዝግባ ሆኖ አዩት። በማግስቱ «ይቅለል!» ብለው አወጁ፤ አራቱ በሮች አንድ ይሁኑ። ሳምንት ሳይቆይ ደግሞ «በግልጽ ይሁን!» ብለው ደገሙ፤ በበሩ የሚደረገው ሁሉ ሰው እያየ ይደረግ። አገሩ እልል አለ። ቢተውም ከሁሉ ቀድሞ እልል አለ አሉ።

ይመኙሻልና አባ ጎራው ግንቦት ላይ ውሃቸውን ይዘው ወጡ። ውሃው ሳይደርቅ ተፈቀደላቸው፤ በዚህ አዋጁን ማማት አይቻልም። አደባባዩ ሲደርሱ አንድ በር ብቻ ቆሟል። አራቱ ሹሞች ግን አራት ወንበር አዘርግተው፣ አራት መጥረቢያ ይዘው በአንዱ በር ላይ ተቀምጠዋል። ከበሮ ይመታል፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ሞልቷል።

ግንዱ መጣ። ጫፉ በሩ ጋ ደርሶ ግርጌው ገና ከተራራው ሥር አልወጣም። የይመኙሻል እንባ መጣ።

«አባ፣ ይኼ እኮ ወንዙን አልፎ አለሚቱ ጓዳ ድረስ ይገባል!»

«ዝም በይ፤ ገና ይመረቃል።»

ግንዱን በበሩ አጋደሙት። አንደኛው ሹም መጥረቢያውን ሲያነሳ አዋጅ ነጋሪው ጮኸ፤ «ተመልከቱ! በሩ ጠባብ ስለሆነ ይህን ያህል ተቆረጠ!» እልል ተባለ። ሁለተኛው ተነሳ። «ተመልከቱ! ለተሸካሚ እንዳይከብድ ይህን ያህል ተቆረጠ!» እልል። ሦስተኛው ተነሳ። «ተመልከቱ! ሁለቱ ሹሞች ስለደከሙ ይህን ያህል ተቆረጠ!» እልል። አራተኛው መጥረቢያውን እንዳነሳ ምክንያት አጣና ቆሞ ቀረ። ቢተው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ነገረው። «ተመልከቱ! ስለ ግልጽነቱ ይህን ያህል ተቆረጠ!» የዚህኛው እልልታ ከሁሉ በለጠ።

የቀረው ግንድ ሰው ቢተኛበት እግሩ አይተርፍም፤ ያን ያህል ነው።

ይመኙሻል ከሕዝቡ መሃል፣ «ጌቶቼ፣ ወንዙንስ አሳጠራችሁልን?» አለች።

ከበሮ መቺው ሳቁ አመለጠው። ቢተው ዞር አለ። «ይቺ ሴት ምን አለች?»

«አመሰገነች ጌታዬ» አሉ አባ ጎራው፤ ክንዷን ቆንጥጠው ይዘዋታል። ወዲያው ቁራጩን በእጃቸው ነክተው «ሙሉ ደረሰኝ» ብለው ማሉ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን እሷ ተሸክመው ነው። አባ ጎራው ፊታቸው በርቷል።

«ተመስገን ነው ይመኙሻል። ድሮ በስውር ነበር የሚቆርጡብን፤ ዛሬ ዓይናችን እያየ ነው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።»

«ዓይኔ ማየቱ ልጄ ዘንድ ያሻግረኛል አባ?»

«አንቺ እኮ ማመስገን አልፈጠረብሽም።»

ቁራጩ ደጃፋቸው ካሉት ጋር ተደረደረ። የአባ ጎራው የልጅ ልጅ ወዲያው ተቀመጠበት።

ክረምት ገባ፤ ወንዙ ሞላ፤ የአለሚቱ ሆድ ገፋ። በዚህ መሃል ንጉሡ «ድልድይ በበጋ አይታይም፤ በነሐሴ ወጥቼ የሰጠሁትን በእግሬ ልርገጠው» አሉ። የመጀመሪያዋ መንደር እንዶድ ሜዳ ሆነች። ቢተው ከንጉሡ ቀድሞ በበቅሎ ደረሰና ጭቃ ሹሙን አስጠራ።

«ጎራው፣ ድልድዩ የታለ?»

«የትኛው ድልድይ ጌታዬ?»

«ሙሉ ደረሰኝ ብለህ የማልክበት።»

«ጌታዬ፣ እርስዎው ፊት አይደል እንዴ ሲቆረጥ…»

«በግልጽ ነው የተቆረጠው፤ አንተም እልል ብለሃል። ከዚያ ሙሉ ነው ብለህ ማልክ። እንግዲህ ከእኔ በር ሙሉ ወጥቷል፤ መንገድ ላይ ያጠፋኸው አንተ ነህ። የሐሰት መሐላ ቅጣቱን ታውቃለህ?»

ያውቁታል። የሐሰት መሐላ የማለ መንደር ይነቀላል፤ ቤቱ ይፈርሳል፤ ሰዉ ይበተናል። አባ ጎራው እዚያው ደጃፋቸው ባለው ቁራጭ ላይ ቁጭ አሉ። ቢተው ድምፁን ለስለስ አደረገ።

«እስቲ ንገረኝ፤ ድልድይ ምንድን ነው? ከላይ እንጨት፣ ከታች የሚሸከም ነገር ነው። እንጨቱ ይኸው ከሥርህ አለ። የሚሸከመውም ነገር አላችሁ።» ይህን ሲል የተሰበሰበውን ሰው ትከሻ በዓይኑ እየለካ ነበር።

ተስማሙ። ምን ያድርጉ? ሰዉ ወገቡን በጠፍር ተያይዞ ውሃው ውስጥ ይቆማል፤ ቁራጮቹን በትከሻው ይሸከማል፤ ከላይ ሣር ይጎዘጎዛል፤ ጎንና ጎኑን ቅጠል ይሸፍነዋል። ድልድይ አይናገርም ተባለ። ድልድይ አያስልም ተባለ።

ይመኙሻል ተነስታ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ለካስ ወንዙ ይቆምበታል? አምና ለአለሚቱ ጊዜ ውሃው ይወስደናል ብላችሁኝ ነበር። ውሃው የሚወስደው ሰው መርጦ ነው?»

ወንዱ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«እንግዲያው የመጨረሻውን ጫፍ፣ ማዶ ዳር ያለውን፣ እኔ እሸከማለሁ» አለች። የፈለገችው ግልጽ ነው፤ ንጉሡ እንዳለፉ እሷ ማዶ ናት።

«ሴት ደግሞ ድልድይ ትሆናለች?» አለ አንድ ጎረምሳ።

«አንተ ወደዚህ ዓለም በማን እጅ ተሻግረህ መጣህ? እግርህ ቀድሞ መጥቶ መንደሩን ያስጨነቅኸው አንተው አይደለህም?»

ተሳቀበት፤ ቦታው ተሰጣት።

ቀኑ ደረሰ። የእንዶድ ሜዳ ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆመ። ንጉሡ ዘንጋቸውን ይዘው ሣሩ ላይ ወጡ፤ ከኋላቸው ቢተው፣ ከቢተው ኋላ አራቱ ሹሞች። ንጉሡ ትንሽ ተራምደው ቆሙ።

«ይህ ድልድይ ይተነፍሳል።»

«እርጥብ እንጨት ነው ጌታዬ፤ ሲረገጥ እንዲያ ያደርገዋል» አለ ቢተው።

ጥቂት ሄዱ። ከሥር አንድ ሰው ሳሉን መያዝ አቃተው።

«ያስላልም እኮ!»

«ክረምት አይደል ጌታዬ፤ ብርዱ እንጨቱንም ይዞታል።»

ንጉሡ መለስ ብለው አዩትና መንገዳቸውን ቀጠሉ። የመጨረሻው ቁራጭ ላይ እንደደረሱ ነው ማዶ ከተሰለፈው ሕዝብ ጀርባ የሴት ጩኸት የተሰማ። የአለሚቱ አማት ናት።

«ኧረ ይመኙሻል! ኧረ የት ነሽ? በእግሩ እየመጣ ነው! ልጅሽ አለቀችብኝ!»

ይመኙሻል ብትወጣ ቁራጩ ይወድቃል፤ ንጉሥ ጎርፍ ውስጥ ይገባሉ፤ መንደሩ ይነቀላል። ብትቆም አለሚቱ አምና የሆነችውን ትሆናለች፤ ዘንድሮ ደግሞ እሷም አትተርፍም። ከጎኗ የተሸከመው ያ የተሳቀበት ጎረምሳ «እትዬ፣ እባክሽ» አላት በሹክሹክታ። ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ቁሚ ይሁን ሂጂ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ንጉሥ ሆይ» አለች ከሥር፣ «ትንሽ ፈጠን ይበሉልኝ።»

ንጉሡ ቆሙ። «ማን ነው የተናገረው?»

«ድልድዩ ነው ጌታዬ» አለ ቢተው።

«ድልድይ ይናገራል?»

«በግልጽ ይሁን ብለው ካወጁ ወዲህ ጌታዬ፣ ድልድዮቻችንም ይናገራሉ።»

«ድልድይ አይደለሁም» አለች ይመኙሻል። «ይመኙሻል እባላለሁ። የሰጡን ግንድ የአልጋ ርዝመት ሆኖ ደረሰን፤ የጎደለውን በትከሻችን ሞላነው። አሁን የቆሙት ትከሻዬ ላይ ነው። ልጄ እዚያ ዳር በምጥ ተይዛለች። ከወጣሁ እርስዎ ይወድቃሉ፤ ካልወጣሁ እሷ ትሞታለች። እኔ መምረጥ አቃተኝ፤ እርስዎ ይምረጡልኝ።»

ንጉሡ በዘንጋቸው ቅጠሉን ገለጥ አደረጉ። ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ፊት በፊት ሆኖ አዩ። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ አንዱም ቀና ብሎ አያያቸውም።

ዘንጋቸውን ጣሉ። ካባቸውን ሳያወልቁ ወረዱ። ውሃው ደረታቸው ደረሰ። ከይመኙሻል ጎን ትከሻቸውን አስገብተው ቁራጩን ያዙና፣

«ሂጂ» አሏት።

ወጣች። ያን ጊዜ ሕጉ መጣ። ንጉሥ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ቢተውና አራቱ ሹሞች ከላይ እንጨቱ ላይ ቆመዋል። ከንጉሥ በላይ ከፍ ብሎ መቆም አይቻልም። አንዱ አንዱን አየ፤ ከዚያ ተራ በተራ ወንዙ ውስጥ ገቡ፤ ገብተውም አልበቃ፤ ንጉሥ እስከ ደረት ስለሆኑ እነሱ እስከ አገጭ ዝቅ አሉ። በሁለቱም ዳር ያለው ሕዝብ በሆዱ ጭቃው ላይ ተኛ። ወታደሩ ተኛ፤ አዋጅ ነጋሪው ተኛ፤ ጠሪዋ አማትም ተኛች። በዚያ አገር በዚያች ሰዓት ቀና ብላ የምትሄድ ይመኙሻል ብቻ ነበረች። ቀሚሷ ውሃ እያንጠባጠበ በተኛው ሰው መሃል እየተራመደች አለፈች፤ ሕግ ጣሽ ብሎ ቀና ብሎ የሚያያት አልነበረም፤ ቀና ማለትም አይቻልምና።

ንጉሡ ከውሃው ውስጥ ሆነው ጠየቁ።

«ቢተው፣ ይህ ድልድይ ምን ያህል ነው?»

«ሙሉ ነው ጌታዬ» ሊል አፉን ሲከፍት ወንዙ ገባበት።

ንጉሡ ማዶ ያለው ቤት እልል እስኪል ድረስ ከውሃው አልወጡም። እሳቸው ካልወጡ ማንም አልወጣም። ለሴት ልጅ የሚባለው እልልታ ሲሰማ ቁራጩን ከትከሻቸው አወረዱ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ይህ ነው። በሩ ፈረሰ። ግንድ በቁመቱ ከተራራው ወደ ወንዙ ይሄዳል። ከግንዱ ጋር እኩል የተለካ ገመድ በሌላ መንገድ ቀድሞ ይላክና ገበያው መሃል ይዘረጋል፤ ግንዱ ሲደርስ ማንም ይለካዋል፤ ካነሰ ማንም አይምልም። እንዶድ ሜዳ በጥር ድልድይ ቆመላት።

ንጉሡ ከዚያ ብርድ የተነሳ ሳል አልለቀቃቸውም፤ በሦስተኛው ዓመት አረፉ። ልጃቸው ነገሠ።

አራቱ ሹሞች ወደየርስታቸው ገቡ። የዝግባው ቤታቸው አልተነካም።

አባ ጎራው ጭቃ ሹምነቱን ተዉ። ቁራጮቹን ሰው ፈልጦ አነደዳቸው፤ እሳቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ።

ጎረምሳው የአባ ጎራውን ቦታ ያዘ።

ቢተው ዋና አያውቅም ነበር፤ በጠፍር ተጎትቶ ወጣ። ዛሬ መለኪያው ገመድ የሚቆረጥበት ቤት አዛዥ ነው።

አለሚቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ወልዳለች።

ይመኙሻል ግራ ትከሻዋ ዝቅ እንዳለ ቀረ። በድልድዩ ላይ ትመላለሳለች።

ወንዙ ያው ነው። አላጠረም።